ነቀዝ ያልነካው ማሽላ

ጀይሉን ያገኘሁት በ1996 ዓ.ም. ሰንበቴ ገበያ ላይ ነው። የሚሸጠውን ማሽላ ዘግኜ መዳፌ ላይ ሳገላብጥ፣

«ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።

«ነቀዝ እያየሁ ነው።»

«ወላሂ፣ እሱን አልሸጥም!» ብሎ ሳቀ። ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም። እኔም ማሽላውን ቶሎ አልመለስኩም።

ወደድኩት። ግን ጀይሉ ወላጅም መሬትም የሌለው፣ ጨፋ ላይ የሰው ማሳ በእኩል የሚያርስ ልጅ ነበር። ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ሙሳ የመለሰው አንዲት ቃል ነው።

«ነቀዝ!»

እህል ከውስጥ የሚቦረቡረው የዚያ ትንሽ ተባይ ስም እኛ ዘንድ ለሰውም ይተርፋል። የታመመ ጥርስ ነቀዘ ይባላል፤ ጉቦ የለመደ ሹም ነቀዝ ነው። የሰው ጎተራ ያየ አማችም፣ በአባቴ ቤት፣ ያው ነቀዝ ነው።

ስድቡ ጀይሉን አንገበገበው። ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ የራሱን የእህል ጉድጓድ ቆፈረና ማሽላ ሞላበት። ሽማግሌዎቹንም መልሶ ላከ።

«ጉድጓዱ ይከፈትና ልየው» አለ አባቴ። «ነቀዝ ከሌለበት ልጄን ይውሰድ።»

ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። እኔና ጎረቤታችን አንዋርም ነበርን። የእህል ጉድጓድ ሲከፈት የታፈነው ወበቅ እስኪወጣ አይገባበትም፤ ሰው ይገድላል። አባቴም ይህን ያውቃል።

«ትንሽ ይቆዩ አባ፣ ይተንፍስ» አለ ጀይሉ።

«ምን ልትደብቅ ነው?» አለና አባቴ ወረደ። ማሽላውን ዘገነ። ቀና ሊል ሲል እዚያው ተደፋ።

ጮህኩ።

«አብሽሪ፣ ሰሊማ!» ጀይሉ የገመድ ጫፍ ለእኛ አስይዞ ዘለለ። አባቴን በብብቱ ስር አሰረው። «ሳቡ!»

እኔና አንዋር ሳብን። አባቴ ወጣ። ገመዱን ወዲያው መልሰን ጣልን።

«ያዘው! ጀይሉዬ፣ ያዘው!»

የያዘው የለም።

አባቴ ሲነቃ የጨበጠውን እጁን ፈታነው። ማሽላው ንጹሕ ነበር። ቀብር ላይ «አማቼ ነው» እያለ አለቀሰ፤ እኔ ግን ለማን ልዳር?

ዛሬም አንድ ቤት እንኖራለን። አባቴን እወደዋለሁ፤ በመትረፉም አላህን አመሰግናለሁ። ምሳውን ሳቀርብለት ግን ፊቱን አላየውም። እሱም እይኝ ብሎኝ አያውቅም።