ቅያሪ ለምትፈልጉ

የሥራ ምደባ ዕጣ ቀልድ ያውቃል። የሞጣዋን ልጅ እፀገነትን ቢቸና ጣላት፤ የቢቸናውን ልጅ አስናቀውን ደግሞ ሞጣ ወስዶ አስቀመጠው። አይተዋወቁም። ሁለቱም የእንስሳት ጤና ቴክኒሻኖች ነበሩ፤ ሁለቱም የመጀመሪያ ደመወዛቸውን በልተው ሳይጨርሱ ስለ ዝውውር መጠየቅ ጀመሩ።

ዝውውር ግን በልመና የሚገኝ ነገር አልነበረም። ሞጣ ክፍት መደብ የለም፤ ቢቸናም የለም። በትልልቁ ከተማ አንድ ጠረጴዛ ለሦስት የሚጋሩ ባለሙያዎች አሉ ይባላል፤ ወደ ገጠሩ ሲወረድ ደግሞ ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ያየው ሰው የሌለ መደብ ሞልቷል። ለእነሱ የቀረው መንገድ ቅያሪ ብቻ ነው፤ በሙያም በደረጃም የሚመስላቸውን ሰው አፈላልጎ ቦታ መለዋወጥ።

በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እፀገነት ክትባት ልትረከብ ደብረ ማርቆስ ሄደች። ከዞኑ የግብርና መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተጻፈች ወረቀት አየች። «ከቢቸና ወደ ሞጣ ቅያሪ ለምትፈልጉ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች» ትላለች፤ ከሥሯ ስልክ ቁጥር አለ። ግራ ቀኙን አየችና ሌላ ሰው ሳይቀድማት ወረቀቷን ገንጥላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ስትደውል ስልኩ ከኋላዋ ጮኸ። ዞር አለች። አንድ ረጅም ወጣት የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን በትከሻው አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ወረቀቴን ስትገነጥያት እያየሁሽ ነበር» አላት። «ምን አድርጌሽ ነው ብዬ ልጠይቅሽ ነበር።»

«ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው» አለች እፀገነት፤ ፊቷ በእፍረት ጋለ።

አስናቀው ሳቀ። ሲስቅ መጀመሪያ ዓይኖቹ ይስቃሉ፤ ይህን እዚያው ግቢ ውስጥ ልብ አለች፤ ልብ ማለቷንም በጊዜው ከምንም አልቆጠረችውም።

ማመልከቻውን ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጻፉ። የእሷ እናት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሞጣ ብቻቸውን ይኖራሉ። የእሱ አባት አቶ ይርሳው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እግራቸውን ተሰብረው ቢቸና አንካሳ ሆነው ቀርተዋል። የሰው ኃይል ባለሙያዋ ወይዘሮ ይርጋነሽ ሁለቱን ማመልከቻዎች አያይዘው ፋይል ውስጥ ከተቱ።

«የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ትጠራላችሁ» አሉ። «አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። አንዴ ከተቀያየራችሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝውውር ብላችሁ እዚህ እንዳትመጡብኝ።»

«እኔ ካገሬ ከገባሁ መቼም አልመጣብዎትም» አለች እፀገነት። ያን ቀን የምሯን ነበር።

ሲለያዩ አስናቀው አንድ ሐሳብ አመጣ። «እስከዚያ ድረስ እኔ እናትሽን ልያቸው፤ አንቺ ደግሞ አባቴን እይልኝ። የሥራ ርክክብ በይው።»

ርክክቡ የጀመረው በበሬ ነው። የአቶ ይርሳው በሬ እርጥብ ጓያ ግጦ ሆዱ ተነፋና እፀገነት ቱቦዋን ይዛ ደረሰች። ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«በሬ ለማከም ሴት ላኩብኝ?»

«በሬው እስካሁን አልተቃወመም፣ አባባ» አለች፤ ቱቦውን በጉሮሮው አስገብታ ነፋሱን ስታወጣለት በሬው ተንፈስ አለ። አቶ ይርሳው የበሬውን ሆድ ዳበሱ። በሳምንቱ ግን በሬው ደኅና ሆኖ ሳለ አስጠሯት። ከዚያ ወዲያ ምክንያት መፈለጉን ሁለቱም ተዉት፤ ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች፣ እግራቸውን በቅባት ታሽላቸዋለች፣ እሳቸውም ይነዘንዟታል።

አስናቀው በበኩሉ በየወሩ በሃያ ሦስት የእማሆይን እጅ ይዞ ጊዮርጊስ ያደርሳቸው ጀመር። ሰው ስለ ልጆቻቸው ሲጠይቃቸው «አንዷ ቢቸና ናት፤ አንዱ እዚሁ ነው» ይላሉ አሉ። እፀገነት ይህን ከሞጣ ከመጣ ጎረቤት ስትሰማ ሳቀች።

ስልኩ በሪፖርት ይጀምራል። አባትህ ዛሬ በደንብ በልተዋል፤ እናትሽ የዓይን ጠብታ ጨርሰዋል። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፤ ስለ አህያ ቁስል፣ ሞጣ ስለጣለው በረዶ፣ በልጅነታቸው ስለፈሩት አስተማሪ። ከዚያ ዝም ይባባላሉ። ስልኩን ግን ማንም አይዘጋውም።

ሰኔ መግቢያ ላይ ደብዳቤው መጣ። «በቀን 12/10/2001 ሁለታችሁም በአካል ቀርባችሁ እንድትፈርሙ» ይላል። እፀገነት ስምንት ወር የጠበቀችውን ወረቀት ይዛ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች፤ ደስታው አልመጣ አላት። ቢፈርሙ እሷ ሞጣ ናት፣ እሱ ቢቸና። ባይፈርሙ እሱ ሞጣ ነው፣ እሷ ቢቸና። ያገናኛቸው ቅያሪ እንዴትም ቢገላበጥ በአንድ ከተማ አያኖራቸውም። ከፈረሙ ደግሞ አባባን የሚያይ ልጃቸው ነው፣ እማሆይን የምታይ ልጃቸው፤ ሪፖርት የሚያስደውል ነገር አይኖርም። ትወደው ነበር። እሱ ግን አንድም ቀን ወድጄሻለሁ አላላትም፤ ተሳስታ ቢሆንስ?

«ደብዳቤው ደረሰሽ?» አላት በስልክ።

«ደርሶኛል።»

«ደስ አላለሽም?»

«ብሎኛል። አንተስ?»

«አባቴ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን አብረን እንጠግናለን እያሉ ነው» አለ።

በቀጠሮው ዋዜማ እናቷ ዘንድ ደወለች። ጉንደ ወይን ክፍት ቦታ እንዳለ ከሥራ ባልደረባ መስማቷን፣ በሞጣና በቢቸና መሐል እንደሆነ፣ ሞጣ ግን እንዳልሆነ ነገረቻቸው።

«ያ ልጅ ያውቃል?» አሉ እማሆይ።

«አያውቅም፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ እኔን ከመጠየቅሽ በፊት እሱን ጠይቂ።»

በማግስቱ የሞጣው አውቶቡስ ቢቸና ሲደርስ አስናቀው ቦታ ይዞላት ነበር። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። እስከ ደብረ ማርቆስ ያወሩት ስለ ዝናቡ ብቻ ነው። እፀገነት መንገዱን ሙሉ በልቧ አንድ ዓረፍተ ነገር እያዘጋጀች ታፈርሳለች። ይህ ሰው አባቱን ለማየት ዓመት ሙሉ ጠብቋል፤ አሁን ቅያሪው ይቅር ማለት እሱን ከአባቱ ደጃፍ መመለስ ነው። በምን አፏ ትናገረው?

መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ከሁሉም ሥር ፀሐይ ያነጣት የክፍት መደቦች ዝርዝር ተለጥፋለች። ጉንደ ወይን፣ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን፣ ብዛት ሁለት። ጥቅምት ላይም እዚያው ነበረች፤ ያኔ ግን ማን ጉንደ ወይንን ያያል።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ቅጹን ዘረጉና እስክሪብቶውን መጀመሪያ ለእሷ ሰጧት። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አልፈርምም» አለች።

አስናቀው ዞር ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ያየችው ድንጋጤ ነበር፤ ዓይኖቿን መሬት ላይ ተከለች፤ ካሁን ወዲያ ግን መመለሻ የላትም።

«ጉንደ ወይን ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። እኔ ለዚያ ቅጽ እሞላለሁ። አንተም ከሞላህ አንድ ከተማ እንሆናለን። ካልሞላህ... ካልሞላህ አልቀየምህም። ቅያሪውንም እፈርምልሃለሁ፤ አባባን ልከለክልህ አልችልም። ግን ሳልነግርህ ሞጣ ከገባሁ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። እወድሃለሁ፣ አስናቀው።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ የሚሠሩት ነገር የጠፋባቸው ይመስል ማኅተሙን አንስተው አስቀመጡ። አስናቀው ስልኩን አውጥቶ ወጣ።

በመስኮቱ ታየዋለች። በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርግና ያወርደዋል። አንድ ጊዜ ሲያወራ አየችው፤ ከዚያ ዘግቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ተናግሬ አበላሸሁት አለች። እናቷን አሰበች፣ የሽማግሌውን ጣሪያ አሰበች፤ ወጥታ ይቅር በለኝ ልትለው ብድግ ስትል በሩ ተከፈተ።

«ጉንደ ወይን ገበያው ምን ቀን ነው?» አላት።

«አላውቅም» አለች እፀገነት። ምን እንደጠየቃት የገባት ቆይቶ ነው።

«እሺ፣ ስንደርስ እንጠይቃለን።» አጠገቧ ተቀመጠ። «በጥር ልነግርሽ ነበር። በየካቲትም ልነግርሽ ነበር። ወደ አገሯ መግባት ለምትፈልግ ሴት ይሄ አይነገርም ብዬ ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ሁለት አዲስ ቅጽ አወጡ። «ጉንደ ወይን ተቀጥቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ» አሉ፤ «ለምኖ የሄደ ግን አላየሁም።»

ሲወጡ ክርኑን ያዝ አደረገችው። «አባባ ምን አሉህ?»

«መናገር አቃተኝ። ፈረማችሁ ወይ ሲሉኝ መጣሁ ብዬ ዘጋሁት።» ድምፁ ወረደ። «እሳቸው የሚጠብቁት ሌላ ነገር ነው።»

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢቸና ወርደው ወደ አባቱ ቤት አቀኑ። አቶ ይርሳው ደጃፋቸው ላይ በምርኩዛቸው ቆመው ነበር። አዲስ ቆርቆሮ በግድግዳው ተደግፏል። ሁለቱን አብረው ሲያዩ ግራ ተጋቡ።

«አንዳችሁ ስትመጡ አንዳችሁ ትሄዳላችሁ መስሎኝ» አሉ። «አንቺስ መቼ ነው የምትሄጅ?»

አስናቀው ተናገረ። አልሸፋፈነም፤ ሁለት ዓመት ከጉንደ ወይን መዛወር እንደማይችሉም፣ የሚመጡት ቅዳሜ ቅዳሜ መሆኑንም፣ ያውም አንዱን ቅዳሜ ቢቸና አንዱን ሞጣ መሆኑንም ነገራቸው። ሽማግሌው ሲሰሙ ቆርቆሮውን ነበር የሚያዩት። ከዚያ በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እፀገነት ከሁሉም የፈራችው ይህንን ነበር። ዓይናቸው ውስጥ ውሃ ሞላ፤ በነጠላቸው ጠረጉት።

«ልጄ ይመጣል ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬ ነበር» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ እያዞሩ ብዙ ቆዩ።

«እናትሽ ዘንድ ሽማግሌ መላክ አለበት» አሉ በመጨረሻ። «እኔም እሄዳለሁ።»

«እግርዎ እንዴት ይሆናል?» አለ አስናቀው። «እስከ ሞጣ እኮ ነው።»

«ልጄን ዓመት ሙሉ እንደ ልጃቸው የያዙልኝ ሴት ናቸው» አሉ አቶ ይርሳው። «እሳቸው ባያዩኝ እንኳ፣ እኔ ልያቸው።»