የግራ እግር ብረት

«ጠበቅ አድርጊው!» አለ አብደላ፣ ግራ እግሩን ወደ እህቱ ዘርግቶ። ፋዲላ ጫማው ሥር የገባውን ብረት በጠፍር አጥብቃ አሰረችው። ብረቱን የሠሩለት የጋራዡ ጋሽ ጉተማ ናቸው። በወጣትነታቸው ቀጥሮ ያሠራቸው የነበረና የብረቱን አሠራር ያሳያቸው እንግሊዛዊ በአገሩ የአፈር ሜዳ ላይ ፍሬን በሌለው ሞተር ሲሽቀዳደም ወጣትነቱን አሳልፏል። ኩርባው ላይ ግራ እግሩን በእንዲህ ያለ ብረት እያንሸራተተ ስንቱን ዋንጫ ከወሰደ በኋላ ጉልበቱ ደቅቆ ነው ውድድሩን የተወው። አብደላ ግን የሚያወራው ስለ ዋንጫው ብቻ ነው።

ዛሬ ዋንጫ የለም። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ባለው ሜዳ የተሰለፉት አብደላና የሰፈሩ ልጅ ተሾመ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ናቸው። መልማዩ መቶ አለቃ እንደወሰነው፣ ያሸነፈ አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር መልእክተኛ ሆኖ ይቀራል። የተሸነፈ ወደ ግንባር ይሄዳል።

«ያ ፋራ አይቀድመኝም» አለና አብደላ ሞተሩን አስነሣ።

አቤት አቧራው! በመጨረሻው ኩርባ ተሾመ በግራ በኩል ሾልኮ ሊያልፍ ሲል፣ አብደላ ብረት የታሰረበትን እግሩን አንሥቶ ጉልበቱን መታው። ይህን ያየችው ኩርባው ላይ የቆመችው ፋዲላ ብቻ ነበረች። ተሾመ ከነሞተሩ ከባሕር ዛፉ ጋር ተላተመ። የእግሩ አጥንት ሱሪውን ቀዶ ወጣ።

መቶ አለቃው እየሮጠ መጣ። ለፋዲላ ሊያነሣው መስሏት ነበር። እሱ ግን የወደቀውን ልጅ ጎኑን በከስክስ ጫማው ረገጠው።

«ከግዳጅ ለማምለጥ እግርህን ሆን ብለህ ሰበርክ! ለዚህ ምን እንደሚጠብቅህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በእግዚአብሔር! ተመትቼ ነው!»

መቶ አለቃው በሽጉጡ እጀታ አፉን መታው። ደም ከጥርሱ ጋር ወጣ።

«ራሱ ነው የወደቀው፣ ጌታዬ» አለ አብደላ፣ ከሞተሩ ወርዶ። «እህቴ እዚሁ ነበረች፤ ይጠይቋት።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ፋዱ፣ ግንባር ሄጄ ልሙት? እማዬን ምን ልትያት ነው?»

ፋዲላ ወንድሟን ትወደዋለች። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው። አሁን ግን ጠላችው፤ መጥላቷም አስፈራት።

«አንቺ! ምን አየሽ?» መቶ አለቃው እንደገና እግሩን አነሣ።

ፋዲላ የወንድሟን ፊት ሳታይ ሄዳ ተሾመ አጠገብ ቁጭ አለች።

«እሱን አይምቱት፣ ጌታዬ» አለች። «ያየሁትን ልንገርዎት።»