አርባ አውሮፕላን ያለ አጃቢ

ወጣቱ ይሄነው የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጌም ቤት ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ግንባሩን ክንዱ ላይ አሳርፎ፣ ጉንጩ ቀላ ብሎ፣ መምህር ሲያስተምር የተኛ ተማሪ እንጂ የሞተ ሰው አይመስልም ነበር። የጌም ቤቱ ባለቤት አቶ ምህረቴም የተኛ መስሏቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ተነስ እንጂ፣ ነግቷል! ጌም ቤት ነው አልጋ ቤት?»

ሁለቴ መቱት። ከዚያ በኋላ ጫማቸው እየወለቀ ወደ ፖሊስ ሮጡ።

ምክትል ኢንስፔክተር ደጊቱ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ ከባጃጅ ወረደች። ስለ ኮምፒውተር ጌም የምታውቀው፣ ልጇ ሒሳብ የወደቀበት ምክንያት መሆኑን ብቻ ነው። ዓይኗ ግን ምንም አያልፈውም። ይሄነው ያለባት የጌም ቤቱ የጓዳ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ መስኮት፣ እሱም የተዘጋ። ከይሄነው እግር ስር የከሰል ምድጃ አለ፤ ከሰሉ አልቆ እንደ ዱቄት የደረቀ አመድ ሆኗል። ማውሱ ደግሞ ከይሄነው እጅ ርቆ፣ በበሩ በኩል ካለችው በርጩማ ፊት ተቀምጧል።

«ከሰሉ ነው የጨረሰው» አለች ደጊቱ። «ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ።»

በሩ ላይ የቆመችው ሸጋ ናት፤ የይሄነው እህት፣ ገና አስራ አምስት ዓመቷ። «በረደኝ ብሎ ደወለልኝ። ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ላይ አመጣሁለት። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

እናትየው እማማ ስሜነሽ የልጃቸውን ስም በአዊኛ እየጠሩ ደረታቸውን ይደቃሉ። ሸጋ እጃቸውን ልትይዝ ስትል ሰበሰቡት። ደጊቱ ይህንንም አየች።

«የት አስቀመጥሽው፣ የኔ ልጅ?»

«በረንዳው ላይ። ክፍሉ ውስጥ እንዳታስገባው፣ ወጣ እያልክ ሙቅ ብዬው ነው የሄድኩት።»

«ታዲያ እግር አውጥቶ ገባ?» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ከንፈሯን እየመጠጠች።

ደጊቱ ወደ በረንዳው ወጣች። ሲሚንቶው ላይ ዝናብ ያጠበው የምድጃ ክብ ምልክት አለ። ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ትናንት ዝናቡ ስንት ሰዓት ጀመረ?»

«ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ» አሉ አቶ ምህረቴ። «እኔ ማኅበር ላይ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ስመጣ የሰፈሩ መብራት ጠፍቷል። ተጣራሁ፤ ዝም። ሄደዋል ብዬ ቆለፍኩ።» አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «አንድ እርምጃ ገባ ብል ኖሮ...»

«እርስዎ ይሄን ጌም ይጫወታሉ?»

«እኔ? ማብራትና ማጥፋት ነው የማውቀው።»

«ይሄነው ራሱ አስገብቶት ይሆናል» አለ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ወጣት። ሽባባው ይባላል፤ የአዲስ ቅዳም ከተማ የከሰል ነጋዴ ልጅ፣ የይሄነው የልብ ጓደኛና የጨዋታ አጋር። ራሱን በሻሽ ጥብቅ አድርጎ አስሯል።

«አንተስ ስንት ሰዓት ሄድክ?»

«አስራ ሁለት። ዝናቡ ሳይጀምር።»

«ራስህን ምን ሆንክ?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ይፈልጠኛል፤ ለቅሶው ነው እንግዲህ።»

ደጊቱ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የይሄነውን የጨዋታ ደብተር ብብቷ ስር ወሸቀችና ወጣች።

አስከሬኑ ከሆስፒታል ተመለሰ፤ ቀብሩ እሁድ ስድስት ሰዓት ሊሆን ተቆረጠ። ሸጋ ግን «በምን ዓይኔ?» ብላ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለች። ወንድሟን ሳትቀብር ከቀረች ደግሞ መንደሩ ዕድሜ ልኳን ገዳይ ይላታል፤ እሷም ታምናለች። ደጊቱ የቀራት ጊዜ እስከ ስድስት ሰዓት ነው።

እሁድ ጠዋት ሞቱን ሰምታ ከዳንግላ በመጀመሪያው ሚኒባስ አንዲት ልጅ መጣች። ሀይማኖት ትባላለች፤ ሦስት ወር ሙሉ በአየር ውጊያ ጌም በኔትወርክ ከይሄነው ጋር ስትዋጋ የከረመች ተጋጣሚው ናት።

«ፊቱን አይቼው አላውቅም» አለች። «አንድ ቀን ሳሸንፈው እንጅባራ መጥቼ ፊት ለፊት ልስቅበት ነበር።»

ደጊቱ ደብተሩን ዘረጋችላት። «እስቲ ለእኔ ለደንቆሮዋ አስረጂኝ።»

«እሱ እኮ ዝም ብሎ አይተኩስም! መጀመሪያ ቃኚ አውሮፕላን ልኮ ያያል። ቀጥሎ ራዳሬን ያጠፋል። ከዚያ ተዋጊዎቹ ሰማዩን ይጠርጋሉ። ቦምብ ጣዮቹ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ታጅበው። ሲሶውን ደግሞ ሁልጊዜ መሬት ላይ ያስቀራል። እናቴ ዘይት የምትቆጥበውን ያህል ነው አውሮፕላን የሚቆጥበው!»

«አርብስ?»

ልጅቷ ጣቷን ከደብተሩ ላይ አነሳች። «አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ አርባ ቦምብ ጣይ ባንዴ ላከብኝ። ያለ አጃቢ፣ ራዳሬ ቁልጭ አድርጎ እያየ። ሁሉንም አረገፍኳቸው። እንደ ጉድ ሳቅሁ። "ዛሬ ማን ነው የተቀመጠው?" ብዬ ጻፍኩ። መልስ የለም። እየሞተ ነበር አይደል? እኔ እየሳቅሁ።»

አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ጌም ቤቱ ተሰበሰቡ። ሸጋ በሩ አጠገብ ለብቻዋ ቆማለች። ደጊቱ መሃል ላይ ቆመች።

«ሸጋ ምድጃውን በረንዳ ላይ ነው የተወችው፤ ምልክቱ አለ። ዝናብ ቢያገኘው አመዱ ጭቃ ይሆን ነበር። አልሆነም። ስለዚህ ሊዘንብ ሲል አንድ ሰው አስገባው፤ ውሃ ኮምፒውተሩን እንዳይነካም መስኮቱን ዘጋ። ይሄነው ነው እንበል? ማውሱ ግን በርጩማዋ ፊት ነበር። በርጩማዋ ላይ የተቀመጠው ሰው አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ አርባ አውሮፕላን ያለ አጃቢ ልኳል። ይህ የይሄነው እጅ አይደለም። አቶ ምህረቴ ደግሞ ጌሙን አያውቁትም።»

ደብተሩን ገለጠች። «ይሄነው እዚህ ጽፏል፦ "ሽባባው ዛሬም ሁሉንም ባንዴ እንላክ አለ። እምቢ አልኩት።"»

የሁሉም ዓይን ወደ ሽባባው ዞረ።

«ሽባባው፣ የይሄነው ሞት የተሰማው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንተን ግን ራስህን የፈለጠህ ከአርብ ማታ ጀምሮ ነው። አርብ ማታ ማን ሞቶብህ አለቀስክ? እሱን የገደለው አየር ነው አንተንም ያመመህ።»

ሽባባው ሻሹን ከራሱ ላይ ፈታ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ።

«ዝናቡ ሲጀምር እኔ ነኝ ያስገባሁት» አለ። «ከሰል ውስጥ ነው ያደግሁት፤ በደንብ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፣ ምንም አያደርግም አልኩ። እሱ ራሴን አዞረኝ ብሎ ደገፍ አለ። ተኛ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ አልኩት። ከዚያ... አንድ ቀን እንኳ እኔ ልዘዝ ብዬ ማውሱን ሳብኩት። አርባውም አለቁ። ሲነቃ ምን እለዋለሁ? አፈርኩ። እንዳይነቃብኝ ብዬ...»

«እህ?» አለች ደጊቱ፣ በቀስታ።

«እንዳይነቃብኝ ብዬ በጣቴ ጫፍ ወጣሁ። በሩንም ድምፅ እንዳያሰማ አድርጌ ዘጋሁት።»

ሀይማኖት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምድጃውን ባለማወቅ ነው ያስገባኸው» አለች ደጊቱ። «ይቺ ልጅ ግን ሁለት ቀን ሙሉ "እኔ ነኝ የገደልኩት" ስትል እያወቅህ ዝም አልክ። ለዚህኛው ምን ስም እንደምሰጠው አላውቅም።»

እማማ ስሜነሽ ተነሱ። ሽባባውን አልፈውት ሄዱ፤ ሸጋ ጋ ሲደርሱ የነጠላቸውን ጫፍ ዘርግተው ትከሻዋን አለበሷት። በአዊኛ አንድ ነገር አሏት። ልጅቷ ከቅዳሜ ጀምሮ ያልወጣላት ለቅሶ ያኔ ወጣ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። ሽባባው ደጊቱን ቀና ብሎ አያት።

«ከቀብሩ በኋላ ይውሰዱኝ። ብቻ አስከሬኑን ልሸከመው?»

«እኔን ሳይሆን እሷን ጠይቅ።»

ሸጋ ዓይኗን በነጠላው ጠርጋ አየችው።

«ተሸከመው» አለችው። «ግን በጣትህ ጫፍ እንዳትሄድ። ኮቴህ ይሰማ።»