ከጡት ሥር የተገኙት ክቦች

ዝላትካ እሑድ ጠዋት ኩሽናዋ ውስጥ ባለው ሶፋ ላይ ሞተች። ነርስ ነበረች። የሴት ልብ ሲታመም መንጋጋንና ጀርባን እንደሚያም፣ እንደሚያቅለሸልሽም በየገጠሩ ስታስተምር ኖራ፣ በዚያው ሕመም ሄደች። የስቪሽቶቭ ከተማ ሰው ግን ጥፋቱን ባሏ ላይ ጫነው።

«ደውላልህ ሳለ ለምን አልመጣህም?» አለችው መርማሪ ፔንካ።

«መንጋጋዬንና ጀርባዬን አመመኝ አለችኝ። ልምጣ ስላት፣ የሚያየኝ ሰው እየመጣ ነው፣ ሥራህን ሥራ አለች። ማን ይስማኝ?»

ባሏ ኔይኮ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። በዚህ ከተማ ሐኪም ሲያስል እንኳ ሰው ጆሮውን ይሰጣል፤ መካኒክ ቢምል ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

«ነገ ቀብሯ ነው እመቤቴ። ቸል ብሎ ገደላት እየተባልኩ አፈር ላልብሳት?»

ፔንካ አስከሬኑን አየች። የዝላትካ ቀኝ እጅ ከሳምንት በፊት ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ደረቷ ላይ ስድስት ቀያይ ክቦች አሉ፤ ግማሾቹ ከግራ ጡቷ ሥር አልፈው ወደ ጎኗ ይሄዳሉ። ለገጠር ሥራዋ ቤት የምታስቀምጠው፣ የልብ ምትን በወረቀት የሚያትመው መመርመሪያ መሣሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ የወረቀቱ ጫፍ ተቦጭቋል።

ከታች ፎቅ የሚኖሩት ዶክተር ጋንቼቭ ተቆጡ። «እኔ ገላዋን አልነካሁም! ደግሞ ነርቭ የበዛባት ሴት ነበረች።»

«ቢመረምሯት ኖሮ ደረት ላይ የሚጣበቁትን የመሣሪያውን መምጠጫ ጎማዎች የት ያደርጉ ነበር?»

«ጡቷ ላይ ነዋ! ጡት እያነሣሁ ልፈልግ? አርባ ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት።»

ከዝላትካ ሥራ የተማረችው፣ ለሃያ ዓመት ጓደኛዋ የነበረችው ነርስ ስኔዣና እንባዋን ጠረገች። «የአይብ ቂጣ፣ ባኒጻ ጋግሬ በር ላይ ሰጥቻት ሄድኩ። ደህና ነበረች።»

ሰኞ ፔንካ ሦስቱን ኩሽናው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እኔ ደግሞ ምን አድርጌ ነው?» አሉ ዶክተሩ።

«ይቀመጡ ዶክተር። እርስዎን ያዳነዎት አለማወቅዎ ነው።» ፔንካ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ክቦቹ የመምጠጫ ጎማዎች ምልክት ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው መርምሯታል። በተሰበረ እጅ ራሷ ልታደርገው አትችልም። ኔይኮ መሣሪያውን ማብራት እንኳ አያውቅም። ዶክተሩ ጡት ላይ ነው የሚያደርጉት። ይሄኛው ግን ጡቷን በጥንቃቄ አንሥቶ፣ ጎማዎቹን ከሥሩ ነው ያስቀመጠው። እንዲያ የሚሠራው ዝላትካ ያስተማረችው ሰው ነው። በዚህ ከተማ ማንን አስተማረች?»

ስኔዣና አቀረቀረች።

«የዝላትካ መሳቢያ ውስጥ በአንቺ ላይ የጻፈችው አቤቱታ አገኘሁ፤ ዛሬ ልታስገባው ነበር» ፔንካ ቀጠለች። «በመጋቢት አንዲት አሮጊት ጀርባዬን አመመኝ ብትልሽ፣ ነርቭ ነው ብለሽ መለስሻት። ሴትዮዋ በማግስቱ ሞተች።»

«ቀድማ ነግራኛለች!» ስኔዣና ጮኸች። «ይቅር በይኝ፣ ግን አልደብቅም አለችኝ። አንድ ማዕድ በልተን፣ እኔን አሳልፋ ልትሰጥ!»

«የልብ ምርመራው ወረቀት ላይስ ምን አየሽ?»

«ሁሉንም። ልቧ እየሞተ ነበር።»

ኔይኮ ቀስ ብሎ ተነሣ። ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል።

«ምን አልሻት?»

«ንጹሕ ነው፣ ነርቭ ነው፣ ተኚ አልኳት።»

«እሷስ?»

ስኔዣና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«አንቺ ካልሽማ እሺ፣ አለችኝ። ብርድ ልብሱን አለበስኳትና ወጣሁ።»