ገዢው የጠየቀው አንድ ዓመት

ገዛኸኝን ከቦክሲው ስር ያወጡት ዓርብ ከሰዓት ነው። ሰዎች ተጋግዘው መኪናውን በትከሻቸው አነሱና ሬሳውን ጎትተው ሆስፒታል ላኩት። ሸዋአለም የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነበር። ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ሲሞት፣ ሲሰርቅ ወይም ሲሰረቅ ፖሊስ የሚጠራው እሷን ነው። ሥራዋ ማስተርጎም ነው ይባላል። እሷ ግን የሰውን ውሸት ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ስታሻግር ስለኖረች፣ ውሸት የቱ ጋ እንደሚያነክስ ታውቃለች።

ኦምዱርማን ያለው ይህ ግቢ የበየነ ነው። ሱዳኖች ቦክሲ የሚሉትን አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ፣ ቀባብቶ ይሸጣል። ገዛኸኝ ከሱ ጋር ይሠራ ነበር።

«አደጋ ነው» አለ መቶ አለቃ ነጂብ። «ጎማውን አውልቆ ከስር ገባ፣ ክሪኩ ከዳው። ኸላስ፣ በቃ።»

ሸዋአለም ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ክሪኩ ከቦክሲው ስር ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«የነካው አለ?»

«ማንም።»

«የከዳ ክሪክ ይጋደማል። ይህ ቆሞ ነው የወረደው። ዘይቱን የሚያስተነፍሰው ብሎን ተከፍቷል፣ እየው። ከስር የተኛ ሰው በራሱ ላይ አይከፍተውም።»

ነጂብ ጢሙን አሻሸ። «እንግዲያው በየነ ነዋ። ጠዋት ሲጨቃጨቁ መካኒኩ ኦመር ሰምቷል።»

የሟች ሚስት ለምለም የጎማ መፍቻ ጨብጣ አጠገባቸው ቆማለች። አታለቅስም።

«እትዬ፣ የገዳዩን ስም ብቻ ያረጋግጡልኝ» አለች። «የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ቆይ እስቲ ልጄ። ካርቱም ከመጣችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

«ሦስት ዓመት። በመተማ ስንሻገር የምናውቀው ሰው አልነበረም። ሥራ የሰጠው ጋሽ በየነ ነው። አሁን ደግሞ ገደለብኝ።»

ሸዋአለም የልጅቱን እጅ አየች። ብረቱን አጥብቆ ይዟል። የገዳዩን ስም እሷ ከሳተች ነገ ሌላ ሬሳ እንደሚነሳ ገባት።

በየነን ጥላ ስር አስቀመጠችው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በፍሬን። ገዛኸኝ ሳናስጠግነው አንሸጥም አለ። እኔ የገዛው ያስጠግን አልኩ። በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ገዛኸኝ ሲሞት፣ በሶላት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«የተኛ ሰው ማን ያየዋል፣ እትዬ?»

ኦመር ጁምዓ ሊሰግድ መስጊድ ነበር፤ ከጎኑ የሰገዱት ሁሉ መሰከሩለት። ጠዋት ቦክሲውን ሊገዛ የመጣው ካሳሁን ደግሞ ማዮ ሰፈር የሚኖር፣ ሽበቱ የገፋ አናጺ ነው። ሸዋአለም ፊቱን የሆነ ቦታ አይታዋለች፤ የት እንደሆነ አልመጣላትም።

«ሳንስማማ ቀረን፣ ከሶላቱ በፊት ሄድኩ» አለ።

በመጨረሻ በሩ ላይ ሻይ ከምትሸጠው ከይመኙሻል ዘንድ ተቀመጠች።

«ጋሽ ካሳሁን ስለ መኪናው ምን ጠየቀ?»

«ትርኺሱን ነዋ። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው በየዓመቱ ምርመራ ማለፉን ይጠይቅ የለ? እሱ ግን የአምናውም ያቻምናውም ጉዳዩ አይደለም። የዛሬ አምስት ዓመቱን ብቻ ማን ወስዶ አሳለፈው እያለ ጋሽ በየነን ወጥሮ ያዘው። ገዛኸኝ ዳቦ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ጋሽ በየነም ‹ገዛኸኝ ነው› አለው።»

«ከዚያስ?»

«ፉል አቀረብኩ። ጁምዓ የእኛ የዓርብ ፆም አይደል፣ በሰሊጥ ዘይት ነው የሠራሁት፤ ለሁሉም በአንድ ሳህን። ጋሽ ካሳሁን ‹ፆመኛ ነኝ› ብሎ እጁን ሰበሰበ። ወዲያው እኔ ጋ መጥቶ ብቻውን አንድ ሳህን ፉል ጥርግ አደረገ። እዚህ ቁጭ ብዬ ስንት ጉድ አይቻለሁ፣ ከፉል የሚፆም ግን አላየሁም።»

ሸዋአለም ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ፊቱን የት እንዳየችው አሁን መጣላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ቦክሲው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ለምለም መፍቻዋን አልለቀቀችም።

«በየነ ገዳይ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ገዛኸኝ ከመኪናው ስር የገባው ሊገዛ የመጣ ሰው ፍሬኑን አሳየኝ ቢለው ነው። በየነማ የፍሬኑ ወሬ እንዲነሳበትም አይፈልግም ነበር። ኦመር መስጊድ ነበር። የቀረው ገዢው ነው።»

«ሄጃለሁ አልኩሽ እኮ» አለ ካሳሁን።

«ፉሉን አብረሃቸው ለምን አልበላህም?»

«ፆም ነበር።»

«ፉሉም የፆም ነበር፤ ብቻህን በልተኸዋል። በእኛ አገር ከደመኛው ጋር ከአንድ ገበታ የቆረሰ ሰው ከዚያ ወዲያ ክንዱን ሊያነሳበት አይችልም። አንተ ደግሞ ክንድህን ልታነሳ ቆርጠህ ነበር። ጋሽ ካሳሁን፣ ልጅህን ማዮ ውስጥ የገጨው ሹፌር ሲፈረድበት ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ‹ፍሬኑ አልያዘልኝም፣ ምርመራ ግን አልፏል› እያለ ሲያለቅስ ከፊት ተቀምጠህ ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት።»

ካሳሁን እጁን የቦክሲው አፍንጫ ላይ፣ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ አሳረፈ።

«ሜሮን ትባላለች» አለ። «ልጄ ስትገጭ የቀረችውን ይቺን ጎድጓዳ በየግቢው ገዢ መስዬ ስፈልጋት ኖርኩ። ሹፌሩንማ ምን አደርገዋለሁ፣ እሱም ተታልሏል። እኔ የፈለግኩት ይህን ሬሳ ሳጥን ደህና ነው ብሎ ያሳለፈውን ነው። ከስር ገብቶ ‹ፍሬኑ እንደማይሠራ አልደብቅህም› ሲለኝ ደሜ ፈላ። ብሎኑን ከፈትኩት። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።»

ለምለም አንድ እርምጃ ቀረበች። ሸዋአለም ክንዷን ያዘቻት።

«ጋሽ ካሳሁን፣ ገዛኸኝ ሱዳን የገባው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።»

ካሳሁን መጀመሪያ አልገባውም፤ ቀጥሎ ሲገባው አፈሩ ላይ ተንበረከከ።

«በዚያ ዓመት እዚህ ግቢ የነበረው አንድ ሰው ነው» አለች ሸዋአለም፣ ወደ በየነ ዞራ።

በየነ ላቡን ጠረገ። «ያኔ ለሹፌሩ ስሸጣት ሰሌዳዋን ፈትቼ ደህና ቦክሲ ላይ አስሬ አስመረመርኩ። ይሠራል እኮ፣ ብዙ ሰው ይሠራዋል። ዓይኑን ሳየው ፈራሁ፣ አፌ ላይ የመጣውን ስም ጠራሁ። ይገድለዋል ብዬ መች አሰብኩ?»

ካሳሁን አፈሩን በሁለት እጁ ጨበጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። በሰንሰለት ሲወስዱት ለምለምን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«የሰሌዳው ነገርስ?» ብላ ሸዋአለም ነጂብን ጠየቀችው።

«ያረጀ ነገር ነው። ነገ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ይክደዋል። ያላ፣ እንሂድ።»

ይመኙሻል የሐዘንተኛ ፉል አቀረበች። በየነ ነፍሱ መለስ ብላለት ሳህኑ ዘንድ ተቀመጠና ዳቦ ቆረሰ።

«ነይ እህቴ፣ ከትላንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም። ነይ አብረን እንቅመስ።»

ለምለም መፍቻዋን በሁለት እጇ ይዛ ሳህኑን አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው።

«ይቅርብኝ ጋሽ በየነ» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ፆመኛ ነኝ።»

በየነ የጎረሰውን እያላመጠ ሌላ ዳቦ ቆረሰ። ሸዋአለም ግን ቀኑ ፆም የሌለበት ቅዳሜ መሆኑን አስባ፣ ልትሄድ ያነሳችውን ነጠላ መልሳ አስቀመጠች።