ከቅዳሴ የምትመለሰዋ

ጥላ ተከተለኝ፣ ድምፅ ጠራኝ ሲባል ክው ከሚሉት ሰዎች አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። ሃይማኖት በነበረኝ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር የሥራ ፈት ወሬ እለው ነበር፣ ሃይማኖቴን ካጣሁ በኋላ ደግሞ የሰማይ መላእክቱንም የምድር ጥላውንም በአንድ ከረጢት ቋጥሬ ጥያለሁ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሊያወራ ከማይገባው ሰው ሁሉ የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ፣ ግን የሆነው በእኔ ላይ ሆነ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ልጆችን ማንበብና መጻፍ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፣ ያላየሁትን አየሁ አልልም። ይህንንም ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ጥቂት ጽፌ እነሣለሁ፣ ደጅ ደጁን አይቼ እመለሳለሁ፣ እመኑኝ፣ እጄ የሚቆመው የሚያስፈራው ቦታ ላይ ስደርስ ሳይሆን የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስደርስ ነው።

ባለቤቴ ጌጡ የጃናሞራ ሰው ነበር፣ መካነ ብርሃን ነው የተወለደው። ስኳር እግሩን ሲበላው ሐኪሞቹ ይቆረጥ አሉ፣ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጠበል ይሻለዋል ብዬ ወደ ደጋ ይዤው የወጣሁትም እኔ ነኝ። በየማለዳው ከዚያ በረዶ ከመሰለ ውኃ ሥር አቆመው ነበር። አንድ ቀን ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ዘውዴ፣ በርዶኛል፣ ቤቴ ውሰጂኝ» አለኝ፣ እኔም «ሱባኤው ሳይሞላ የት ልትሄድ ነው፣ እምነት ይኑርህ እንጂ!» ብዬ ተቆጣሁት። ሱባኤው ሳይሞላ ሞተ። በራሴ ላይ መቆጣት ስላልቻልኩ በእግዜር ላይ ተቆጣሁ፣ ከዚያ ቁጣውም ደከመኝና የሚቆጡበት አካል እንኳ እንደሌለ ቆጠርኩት። አርባው በወጣ ማግስት ማተቤን በጥሼ፣ ጌጡ ከወይራ ከጠረበልኝ ትንሽ መስቀል ጋር፣ ከድልድይ ላይ ቀሃ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። ለማንም አልነገርኩም፣ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ መሄድ ጀመርኩ።

እንግዲህ ሃይማኖት ሲሄድ ብቻውን የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እግዜርን ሳያምኑ ሸጋ ሆነው የሚኖሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ ትምህርት ቤትም አብረውኝ ሠርተዋል፣ እኔ ግን እንደነሱ ሆኜ አልተገኘሁም። ደግነቴ የራሴ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የሚያየኝ አለ ብዬ ነው ደግ የነበርኩት። ጎረቤት ጨው ስትልክብኝ «አልቆብኛል» እላለሁ፣ ጨው ሞልቶ። ለቅሶ ሲጠሩኝ አሞኛል እላለሁ። የኔ ቢጤ ደጄ ላይ ሲቆም መጀመሪያ መጋረጃ ጀርባ እደበቅ ነበር፣ ቆይቶ መደበቁንም ተውኩት፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ዝም እለው ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን በእማማ አንጓች ላይ ያደረግሁት ነው።

እማማ አንጓች የጌጡ አክስት ናቸው፣ እናቱ በልጅነቱ ስትሞትበት አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ከመካነ ብርሃን አምጥተን ጎንደር ግቢያችን ውስጥ ካለችው የኋላ ክፍል አስቀመጥናቸው። ፍልሰታ ሲገባ እማማ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ እንኳ ከከንፈራቸው አያደርሱም። መሄድ ካቃታቸው ወዲህ ጾማቸውን የሚፈቱት ከቅዳሴ የተመለሰ ሰው የቅዳሴ ጠበል በኮዳ ይዞላቸው መጥቶ «ቅዳሴ ወጣ» ሲላቸው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ጠበሉ ካልመጣ ሳይቀምሱ ያድራሉ፣ በዚያ ዕድሜ ሳይቀምሱ ማደር ምን እንደሚያመጣ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ዘንድሮ ነሐሴ ሲገባ ቅዳሴ መሄድ ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ ይህን ግን ለእማማ መንገር አልቻልኩም። ጌጡ ከሞተ ወዲህ በዚህ ምድር ላይ ዘውዴ መልካም ሴት ናት ብለው የሚያስቡ እሳቸው ብቻ ቀርተውኝ ነበር፣ ያንን ላጣው አልፈለግኩም። ስለዚህ ኮዳውን ጓሮ ካለው በርሜል ሞላሁና ገባሁ፣ «ቅዳሴ ወጣ እማማ» አልኩ፣ በጣሳቸው ቀዳሁላቸው። እሳቸው ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ተመስገን፣ የኔ ልጅ፣ እግርሽን ይባርከው» አሉኝ። አሜን አልኩ።

አንድ ጊዜ ከዋሹ በኋላ ሁለተኛው ይቀላል። ቅዳሴው እስኪወጣ መጠበቁም ሰለቸኝ፣ ጋደም ማለት ሲያምረኝ ገና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ እያዜመ ሳለ ገብቼ «ወጣ» እላቸዋለሁ፣ አንዳንድ ቀንማ ምሳዬን በልቼ አፌን እየጠረግሁ ነው የምገባው። በዚህ መካከል አንድ ቀን እማማ እንዲህ አሉኝ፦

«ትናንት ሁለት ጊዜ ጠበል ማምጣትሽ ምነው? አንዱ ይበቃኝ ነበር፣ በዝናብ ከምትመላለሽ።»

«አንድ ጊዜ ነው የመጣሁት እማማ።»

«እሽ፣ ይሁን» አሉና ሳቅ አሉ። ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ዘሀራ ጠራችኝ። ዘሀራ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ነጋዴ ከሆኑ የጎንደር እስላሞች ወገን ናት፣ ከልጅነት እስከ ሽበት አብረን ነን፣ ምላሷም አይቻልም።

«አንች ዘውዴ፣ ጾሙ አደነቆረሽ እንዴ?»

«ምን አደረግሁ ደግሞ?»

«ትናንት በዚያ ዶፍ ኮዳሽን አቅፈሽ ስታልፊ ጃንጥላ ውሰጅ ብዬ ብጮህ ዘወር እንኳ አላልሽም! ምነው፣ እኔን ብታይ ጠበልሽ ይገለበጣል?»

ትናንት እኔ ከቤት አልወጣሁም። ይህንኑ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ግን አልወጣሁም ማለት ቅዳሴ አልሄድኩም ማለት ሆነብኝ፣ እሷም ጾመኛ ናት ብላ ነው የምታውቀኝ። «ዝናቡ ነው፣ አልሰማሁሽም» አልኳት። አያችሁ፣ ውሸቴ እኔ እንዳልነበርኩ እንኳ እንዳልናገር ከለከለኝ። ቤት ገብቼ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን ከቁም ሳጥን አወጣሁ፣ እንዳጠፍኳት ናት፣ ደረቅ ናት፣ ጥለቷ ላይ ግን ጭቃ ፈንጥቆባታል። የዱሮ ጭቃ ይሁን የትናንት መለየት አልቻልኩም።

የፍልሰታው ሱባኤ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው ነገሩ የሆነው። በዚያን ቀን እንደ ልማዴ ኮዳዬን ከበርሜሉ ሞልቼ ገባሁ፣ «ቅዳሴ ወጣ» አልኩ፣ ቀዳሁላቸው። እማማ ጣሳውን ተቀበሉና ሳይጠጡ መደቡ ላይ አስቀመጡት።

«ይጠጡ እንጂ እማማ።»

«ትንሽ ልቆይ።»

«ደክመዋል እኮ፣ ከንፈርዎ ደርቋል!»

«ተቀመጭ የኔ ልጅ። የሚያጣድፍ ነገር የለም።»

ተቀመጥኩ። ጥዋቱን የደመነው ሰማይ ከምሳ ሰዓት በኋላ ድቅድቅ ብሎ ጠቆረ፣ በረዶው ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመር፣ በቀን ብርሃን የገዛ እጄን ማየት ተሳነኝ። እማማ ለወትሮው ነጎድጓድ ሲሰሙ ያማትባሉ፣ ያን ዕለት ግን ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘንብለው ሰው እንደሚጠብቅ ሰው ነበር ያሉት። ፍርሃት የያዘኝ ያኔ ነው። ቅዳሴው ገና ካልወጣና ሌላ ሰው እውነተኛውን ጠበል ይዞ ቢመጣ፣ ጣሳው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሊታወቅብኝ ነው ብዬ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በረዶው እንዳቆመ የግቢው በር ድምፅ አሰማ። የኛ በር ከፍ ካላደረጉት አይከፈትም፣ እንግዳ ሰው ይገፋዋል፣ ይደበድበዋል፣ ይህኛው ግን ከፍ ተደርጎ ተከፈተ። ቀጥሎ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ጭቃ የሚጠርግ ጫማ ሰማሁ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ። ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሳል መጣች። ይህችን ሳል እኔ ነኝ የፈጠርኳት፣ እማማ ዓይናቸው የጠፋ ጊዜ ድንገት ገብቼ እንዳላስደነግጣቸው ብዬ ከበር ላይ የምስላት ሳል ናት፣ ከጌጡ ቀብር ወዲህ ስያት አላውቅም።

«ግቢ፣ የኔ ልጅ» አሉ እማማ።

መጋረጃው ተገለጠ። «ቅዳሴ ወጣ እማማ» አለች።

የራሳችሁን ድምፅ በስልክ ተቀድቶ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ የራስ ሆኖ የራስ ያልሆነ የሚመስለው ነገር፣ ልክ እንደዚያ ነበር። የቆመችው ብርሃኑን በጀርባዋ አድርጋ ነው። ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳለች፣ ጥለቱ ውኃ ያንጠባጥባል፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ፣ ከማተቡ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል ተንጠልጥላለች። ዓይኔ ከመስቀሏ በላይ አልወጣልኝም።

«ያችኛዋም አምጥታልኛለች፣ ይኸው አስቀምጨዋለሁ» አሉ እማማ ጣሳውን እየዳሰሱ።

«ምነው ሳይጠጡት?» አለች የገባችው።

«የበርሜል ውኃ ነው። ዝገት ዝገት ይላል።»

«አልተቆጧትም?»

«ምን ብየ? ራሷ በራሷ ተቆጥታ የለ። ደግሞ ቅቤ በልታ ነው የምትመጣ፣ እጇ ይሸተኛል፣ በፍልሰታ!» አሉና ሳቁ፣ ያችም አብራ ሳቀች፣ እንደ እናትና ልጅ ተያይዘው ሳቁ። በዚያ ሳቅ ውስጥ የኔን ሳቅ ሰማሁት። ከጠፋብኝ ቆይቷል።

የኮዳው ክዳን ሲዞር ሰማሁ፣ ውኃ ሲቀዳ ሰማሁ፣ እማማ ሲጠጡ ጉሮሯቸውን ሰማሁ። ከዚያ «ለሷም ስጫት እንጅ» አሉ። ጣሳው ወደኔ ተዘረጋ። ቀና ብዬ ፊቷን ማየት ነበረብኝ፣ ማንም ሰው በኔ ቦታ ቢሆን ያይ ነበር፣ እኔ ግን አቀረቀርኩ። ከፍርሃት አልነበረም። ፊቷ ላይ ቁጣ ባገኝ እችለው ነበር፣ ቁጣ እንደሌለባት ግን ከሳቋ አውቄያለሁ፣ ያንን ነው መቋቋም ያቃተኝ። ተነሥቼ በጎኗ ሾልኬ ወጣሁ፣ የራሰው ነጠላዋ ጉንጬን ነካኝ፣ ቀዝቃዛ ነው። በባዶ እግሬ ግቢው ውስጥ በረዶው ላይ ቆምኩ።

ስመለስ እማማ ብቻቸውን ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ወለሉ ርሷል፣ ግን ርጥብ እግሬን ይዤ የገባሁት እኔም ነኝ።

«እማማ፣ ማን ናት?»

«የቷ?»

«አሁን እዚህ የነበረችው!»

«አንች ነሻ!» አሉ፣ ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋቸው ሁሉ ተቆጥተው።

«እኔማ ይኸው እዚህ ነኝ።»

«አንችም አንች ነሽ። ጌጤ ከተቀበረ ወዲህ ሁለት ሆነሽ ነው የምትመላለሽ። እኔ ዓይን ባይኖረኝ የማልለያችሁ መሰላችሁ?»

ከዚያ ወዲህ ያላሰብኩት ነገር የለም። አንዲት የሰፈር ሴት አዝናላቸው ጠበል ታመጣ ይሆናል፣ እሳቸውም እኔን ላለማሳፈር አንች ነሽ ብለውኝ ይሆናል፣ ጨለማው፣ የዘሀራ ዓይን፣ ሁሉንም አስቤዋለሁ። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ በር አካባቢ ቆሜ ከቅዳሴ የሚወጡትን ሴቶች አየሁ፣ ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፣ ሁሉም ከኋላቸው እኔን ይመስላሉ። ሳልጨርስ ተመለስኩ። ያን ዕለት ከእማማ እግር ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ውኃው የበርሜል እንደሆነ፣ ቅዳሴ እንደማልሄድ፣ ማተቤን እንደጣልኩት፣ ጌጡ በርዶኛል እንዳለኝም ጭምር። ከዚያ «እሽ» አሉ፣ «የበርሜሉም ቢሆን ከምግብ በኋላ ጥም ይቆርጣል፣ ማምጣቱን አትተይ።»

አልተውኩም። እንዳልዋሻችሁ፣ ዛሬም አላምንም፣ ያየሁት ነገር ሃይማኖቴን አልመለሰልኝም። የማውቀው፣ እኔ ልሆናት ያቃተኝን ሴት የሆነች አንዲት ሌላ ሴት በዚህ ከተማ ውስጥ እንደምትሄድ ብቻ ነው። አሁን በጾሙ ቀን፣ ረቡዕና አርብ፣ እማማን አጥባቸዋለሁ፣ ምግባቸውን አዘጋጅቼ ከጎናቸው አኖራለሁ፣ ውኃውንም ውኃ ነው ብዬ አስቀምጬ፣ ቅዳሴው ከመውጣቱ በፊት እወጣለሁ።

ባለፈው አርብ ልወጣ ስነሣ እማማ እጄን ያዙኝ።

«ምነው ሁልጊዜ ከመምጣቷ በፊት የምትሄጅው? እሷ እኮ ስለ አንች ሳትጠይቀኝ ቀርታ አታውቅም።»

«ምን ብላ?»

«‹በልታለች ወይ?› ብላ።»

ቅዳሴው አበቃ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ጸጥ አለ። እጄን ከእጃቸው ቀስ ብዬ አወጣሁና ጫማዬን ሳላጠልቅ፣ በእጄ እንደያዝኩ፣ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።