ስልኩ ምንም አልሆነም

«ቅዳሜ ለምን ቀረሽ?» አለች ቀጮ ቦርሳዋን ዴስኩ ላይ እየወረወረች።

ሚጣ እርሳሷን መቅረጿን አላቆመችም። «ቅዳሜ ደግሞ ምን ነበረ?»

«ምርጫው ነዋ! ለሳይንስ ውድድሩ ማን እንደሚሄድ የተመረጠው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኩኩ ብቻዋን አቀረበች፣ አለፈች። አልሰማሽም እንዴ?»

መቅረጫው በሚጣ ጣቶች መሃል ቆመ። እሷ እስከምታውቀው ምርጫው የሚደረገው በመጪው ረቡዕ ነበር። ሥራው ደግሞ የሷና የኩኩ ነበር። ወር ሙሉ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ጫጫታ ለክተዋል፤ በዋናው መንገድ በኩል ባሉት ክፍሎች ውስጥ መኪና ባለፈ ቁጥር ኋላ የሚቀመጡ ተማሪዎች የአስተማሪውን ድምፅ እንደማይሰሙ በቁጥር አሳይተዋል። ድምፁን የሚለካውን ፕሮግራም የጻፈችው ሚጣ ናት። ኩኩ ሠንጠረዡን በቀለም አሳምራለች።

«ቀኑ መቀየሩ እኮ ግሩፕ ላይ ተለጥፎ ነበር» አለች ቀጮ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለካ አንቺ የለሽበትም።»

የለችበትም፤ ልትኖርበትም አትችልም ነበር። የክፍሉ ተማሪዎች በሙሉ የሚይዙት ሁሉም ሰው የሚያውቃቸውን ሁለቱን የስልክ ዓይነቶች ነው። የሚጣ ስልክ ከሁለቱም አይደለም። ገዢው ጥቂት ስለነበር ሠሪው ኩባንያ ማሻሻያ መላክ ካቆመ ዓመት አልፎታል፤ የክፍሉ ግሩፕ ያለበት አፕም አይጫንበትም። ልጆቹ «ሦስተኛው ዓይነት» ይሉታል። ኩኩ ደግሞ «ሬሳው» ትለዋለች።

የሚያንገበግበው ይህን የምትለው ኩኩ መሆኗ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለቱ አንድ ዓይነት ስልክ የያዙት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ስልኩ ላይ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ የራስን ፕሮግራም መጻፍ ይቻል ነበር። መጀመሪያ ቁጥር የሚያስገምት ጨዋታ ጻፉ። ቀጥሎ የፊዚክስ አስተማሪው በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ «ገባችሁ?» እንደሚል የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፉ፤ አርባ ሦስት ሲደርስ ሁለቱም በሳቅ ከክፍል ተባረዋል። ያኔ ኩኩ ናት «ዓለም ቢቀይር እኛ አንቀይርም» ያለችው። አሥራ አራት ዓመት ስትሞላ አክስቷ አዲስ ስልክ አመጡላትና በማግሥቱ ቀየረች። ሚጣ አልተቀየመችም። «አይዞሽ፣ ግሩፕ ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ በቴክስት እልክልሻለሁ» ብላት ነበርና፣ አመነቻት።

«አሳዪኝ እስቲ» አለች ሚጣ።

ቀጮ እያመነታች ስልኳን ሰጠቻት። የፊዚክስ አስተማሪው ዓርብ ከሰዓት «ምርጫው ወደ ነገ ጠዋት ተዛውሯል» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ «ሚጣ ሰምታለች?» ብሎ ጠይቋል። ከዚያ የኩኩ መልስ፦ «ነግሬያታለሁ ቲቸር። አልችልም፣ ብቻሽን አቅርቢ ብላኛለች።» መጨረሻው ላይ የምትስቅ ቢጫ ፊት ነበረች።

ሚጣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጆሮዋ ጋለ። ስልኩን ለቀጮ መለሰችና «እንዳሳየሽኝ ለማንም አትንገሪ» አለቻት።

በዕረፍት ሰዓት ኩኩ ራሷ ሮጣ መጣች፤ ገና ሳትደርስ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋለች። «ውይ ነፍሴ! ረሳሁት እኮ! እንግዳ መጥቶብን ቤቱ ተተራምሶ… ሙች፣ ጠፋብኝ! ተቀየምሽኝ?»

ሚጣ አየቻት። አሁን «ያልሽውን አንብቤዋለሁ» ብትላት ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ኩኩ ታለቅሳለች። ኩኩ ስታለቅስ ታምራለች፤ ግማሹ ክፍል ከቧት ያባብላታል። አስተማሪው ሁለቱንም ጠርቶ ይመክርና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሚጣ እንዲያልቅ አልፈለገችም። እሷ በሌለችበት፣ በሰው ፊት፣ ሥራዋን እንደ ወሰደችባት፣ እሷም በሰው ፊት ኩኩን ባዶ እጇን ማስቀረት ፈለገች።

«ምንም አይደል» አለች። «ሰው ይረሳል።»

ኩኩ አቀፈቻት። «አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። ውድድሩ ላይ ዳኞቹ ፕሮግራሙ ሲሠራ ማየት ይፈልጋሉ። እንደምታውቂው የኔ ስልክ ላይ አይከፈትም። ስልክሽን ለዚያች ቀን ብቻ ብታውሺኝ?»

ሬሳውን አውሺኝ ማለቷ ነው። ሚጣ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችም።

«ደስ ይለኛል» አለቻት።

እናቷ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠሩት፤ ደብተር ይጠርዛሉ። ያን ቀን ከሥራ ሲመለሱ ጣታቸው ላይ የደረቀውን ሙጫ እየላጡ ስለ ስልክ አነሱ።

«አጎትሽ አንድ ስልክ አለኝ፣ ብዙም አልተሠራበትም፣ ትውሰደው ብሏል። እንደ ጓደኞችሽ ዓይነት ነው። ምን ልበለው?»

«አልፈልግም በይው፣ እማዬ።»

«ለምን? ያንቺን እኮ ሠሪዎቹም ትተውታል።»

«እነሱ ቢተዉት እኔ አልተውኩትም። የጻፍኩት ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።»

«ስልክ ዕቃ ነው ልጄ፣ ባል አይደለም የምትታመኚለት» አሉና ሳቁ። ሚጣ አልሳቀችም። እናቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ዛሬ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ምንም።»

ውድድሩ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሚጣ በየቀኑ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች፣ እናቷ ከሥራ እስኪገቡ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ፕሮግራሙን ትከፍታለች። ዝም ብሎ እንዲበላሽ ማድረግ ቀላል ነበር፤ ግን አይበቃትም። ኩኩ በዋዜማው ወስዳ ከቤት ስትሞክረው ሊሠራላት ይገባል። ዳኞቹ ፊትም ቢሆን ሁለቴ በትክክል ለክቶ ልቧን ሊሞላው ይገባል። ስለዚህ ውድድሩ ቀን ላይ ብቻ የሚነቃ ትእዛዝ ጻፈች። በዚያ ቀን ከሦስተኛው ልኬት ጀምሮ ሁሉ ነገር ይገለበጣል፤ ጸጥታ ጩኸት ይሆናል፣ ጩኸት ጸጥታ።

ልትሞክረው የስልኩን ቀን ወደ ውድድሩ ቀን ቀየረችና ሁለት ጊዜ አጨበጨበች፣ በትክክል ለካ። ለሦስተኛው ባለ በሌለ ኃይሏ ብረት ድስት በማንኪያ መታች። ስልኩ «4 ዴሲቤል» አለ። ሚጣ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች፤ ስልኩ የጸጥታዋን ልክ «130» ብሎ ጻፈ፤ እንደገና ሳቀች። በክፍል ውስጥ ኩኩ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ውድድሩ ቀን ልብስ ስታወራ፣ ሚጣ ፊቷን እያየች ያ ፊት ሲቀላ ምን እንደሚመስል ትገምታለች። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር በሆዷ ይዛ አታውቅም። ሌሎቹ የቤት ሥራዎቿ ሳይሠሩ ቀሩ። ግድ አልሰጣትም።

ውድድሩ የሌላ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። እናቷ ከሥራ አስፈቅደው መጥተዋል። «ያንቺም ሥራ ነው አይደል? ልየው እንጂ» ብለው፣ የተጠረዘ አዲስ ደብተር ለኩኩ ስጦታ ይዘው። ሚጣ ደብተሩን ስታይ ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

ኩኩ መድረኩ ላይ ወጣች። የሚጣ ስልክ ከትልቁ ስክሪን ጋር ተያይዟል። ከሦስቱ ዳኞች መሃል የምትጠይቀው አንዲት መሐንዲስ ናት፤ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

የመጀመሪያው ልኬት፣ የኩኩ ንግግር፣ ልክ ነበር። ሁለተኛው፣ በሩ ሲዘጋ፣ ልክ ነበር። ኩኩ ጸጉሯን ወደ ኋላ ወርወር አደረገች።

«ግሩም ነው» አለች መሐንዲሷ። «አሁን ሁላችንም ዝም እንበልና እንየው።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ስክሪኑ ላይ 130 ወጣ።

አንድ ሰው ሳቀ። ኩኩ ቶሎ ብላ እንደገና ነካችው። 131። «እ… አንድ ጊዜ… እባካችሁ አጨብጭቡ» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። 4። አሁን ሁሉም ሳቀ። ኩኩ ስክሪኑን ትነካለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች፤ ቅላቱ ከአንገቷ ተነሥቶ ጆሮዋ ደረሰ። ሚጣ ልክ እንደዚህ ነበር የገመተችው። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ እያንዳንዷን ሰከንድ ቀመሰቻት።

ከኋላ አንዱ «ያ ስልክ ገና በሕይወት አለ እንዴ? ቅበሩት!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ እጥፍ ሆነ።

መሐንዲሷ እጇን አነሣች። ስልኩን አገላብጣ አየችና በደግነት ፈገግ አለች። «አይዞሽ፣ አትደንግጪ። ይህ ዓይነቱ ስልክ የተተወ ነው፤ እስካሁን መሥራቱም ይገርማል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ መሥራት አልነበረብሽም እንጂ ሐሳቡ ጥሩ ነው።»

ኩኩ የተወረወረላትን ገመድ በሁለት እጇ ያዘች። «እኔም ብያት ነበር! ስልኩ የኔ አይደለም፣ የጓደኛዬ ነው። ቀይሪው ብዬ ብዬ ደከመኝ።»

«በቃ ችግሩ የመሣሪያው ነው» አለች መሐንዲሷ ወደ ሌሎቹ ዳኞች ዞራ። «ነጥብ አንቀንስባትም።»

ሚጣ የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። አሥራ አንድ ቀን የለፋችበት ጥፊ ኩኩን ስቶ የገዛ ስልኳን መታው። ኩኩ ፊቷ እየጠራ ነው። ነጥቧ አልተነካም። ሕዝቡ የሚስቀው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ባላሳፈራት ስልክ ላይ ነው፤ ያሳፈረችው ደግሞ እሷ ራሷ ናት።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ብትናገር ሁሉም ያውቃል፣ አጠገቧ የተቀመጡት እናቷ ጭምር።

ተነሣች። እናቷ ቀሚሷን ያዝ አደረጉ፤ «ወዴት ነው?» ሚጣ ቀስ ብላ እጃቸውን አላቀቀችና መድረኩ ላይ ወጣች።

«ስልኩ ምንም አልሆነም» አለች። ማይክ ስላልያዘች የሰማት የፊቱ ረድፍ ብቻ ነበር። ማይኩን ከኩኩ እጅ ወሰደችና ደገመችው። «ስልኩ ምንም አልሆነም። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እንዲሳሳት ያደረግኩትም እኔ ነኝ።»

መሐንዲሷ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። «ማስተካከል ትችያለሽ?»

ሚጣ ጎንበስ አለች። ስክሪኑ ላይ የጻፈችው ሁሉ፣ መስመር በመስመር፣ ለአዳራሹ ተዘረጋ። አራት መስመር አጠፋች። ከዚያ ለካች፤ ሹክሹክታውን 38፣ የራሷን ድምፅ 61፣ መሐንዲሷ ጠረጴዛውን ስትመታ 84። አሁን ማንም አልሳቀም።

«ጎበዝ ነሽ» አለች መሐንዲሷ፣ ግን ፈገግ አላለችም። «ይህን የመሰለ ሥራ ያለው ሰው ለምን ያበላሸዋል?»

መልሱ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በሚጣ ምላስ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቃል በቃል አጥንታዋለች፤ ቢጫዋን ፊት እንኳ ሳታስቀር። ወደ ኩኩ ዞረች። የኩኩ እናት ሁለተኛው ረድፍ ላይ አሉ፤ ኩኩ የምታየው እሳቸውን ነው። ዓይኗ ላይ እንባ አልነበረም።

ሚጣ ማይኩን ወደ ኩኩ ዘረጋች።

«እሷ ትንገርዎት» አለች።

ኩኩ ማይኩን ተቀበለች። ቀኑ መቀየሩን ለሚጣ እንዳልነገረቻትና «ነግሬያታለሁ» ብላ እንደዋሸች ተናገረች፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ሳታሳምርም ሳታስተባብልም። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ያለ ነበር።

ትምህርት ቤታቸው ደረጃ አላገኘም። የፊዚክስ አስተማሪው ሁለቱንም ከአዳራሹ ውጭ አቁሞ «አንዷ ዋሸች፣ አንዷ አበላሸች፤ ልምረጥ ብል ማንን እመርጣለሁ?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ሚጣና እናቷ በእግር ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ ደብተሩን በብብታቸው እንደያዙ ሁለተኛው አደባባይ ላይ ጠየቋት።

«የገዛ ሥራሽን ስታበላሺ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?»

«አልተንቀጠቀጠም።»

«እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው» አሉ እናቷ።

እሑድ ከኩኩ ቴክስት መጣ። «ልደውልልሽ?» ይላል፣ ያለ ምንም ፊት። ሚጣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ንዴቷ አልወጣላትም፤ ቢቀንስም አለ። አላጠፋችውም፣ አልመለሰችም።

ሰኞ ደወል ከመደወሉ በፊት የአስተማሪዎቹን ክፍል በር አንኳኳች። የፊዚክስ አስተማሪው የተማሪ ወረቀት እያረመ ነበር፤ ቀና ሳይል «ይቅርታ ልትጠይቂ ነው?» አላት።

«እሱንም፣ ቲቸር። ይቅርታ።» ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ሌላው ግን፣ ስልኬን አልቀይርም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማስታወቂያ ሲኖር እርስዎ ራስዎ በቴክስት ይላኩልኝ። ማንም መሃል እንዲገባ አልፈልግም።»

አስተማሪው ቀይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አያት። ከዚያ ከኪሱ ስልኩን አወጣ።

«ቁጥርሽን ንገሪኝ» አለ።

ሚጣ ቁጥሯን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ነገረችው።